19 ሰው፣ አንድ አባት፦ የአንድ ቤተሰብ ትዝታ የጉዳይ ጥናት

አባዬ ሰዓቱን የሚያስረው በየትኛው እጁ ነበር?

ነገሩ የተጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው። አባታችን ከሞተ አራተኛ ወሩ ነበር። ዕቃውን ቁጭ ብለን ስንለይ ታላቅ ወንድሜ ሰዓቱን አንስቶ ግራ እጁ ላይ አሰረውና "እንዲህ ነበር የሚያስረው" አለ። እኔ "ኧረ በቀኙ ነው" አልኩ። ትንሿ እህታችንም "በቀኙ ነው እንጂ" አለች። ወንድሜ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። "እናንተ ሳትወለዱ የማውቀውን ሰው ነው የምታስተምሩኝ?" አለን። ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መልሱን ያገኘነው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው።

በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ያደረግነውን፣ የተበላሸብንንም ጭምር፣ እዚህ ጽፌዋለሁ። ወላጅ አጥቶ ወይም ወላጁ እያረጀበት "የሆነ ነገር ማድረግ አለብኝ" እያለ ለሚብሰለሰል ሰው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። የሰው ስም አልጠራም፤ ታሪኩ የእኔ ብቻ አይደለምና።

እንዴት ጀመርን

ከሰዓቱ ጠብ ትንሽ ቀደም ብሎ ልጄ "አያቴ ሲስቅ እንዴት ነበር?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ላሳያት ስልኬን ፈተሽኩ። የአባዬ ድምፅ ያለበት አንድ ቪዲዮ ብቻ አገኘሁ፣ 11 ሰከንድ። በቤት ልብሱ ነው፣ ሰዓት እንኳ አላሰረም። "ቆይ፣ ይሄ ነገር እየቀረጸ ነው እንዴ?" ይልና እጁን ወደ ካሜራው ይዘረጋል። በቃ። ሳቅ የለበትም። ሰባ ምናምን ዓመት ከኖረ ሰው የቀረን 11 ሰከንድ ነው።

ስለዚህ ሰው መጥራት ጀመርኩ። እናታችን፣ እኛ አምስት ልጆች፣ የአባዬ እህት፣ ስድስት የአጎትና የአክስት ልጆች፣ ሁለት አማቾች፣ ሁለት የድሮ ጎረቤቶች፣ አባዬ አብሯቸው የሠራ ሁለት ሰዎች። በድምሩ 19። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ ቤት እንገናኝ ተባባልን። ሁሉም ሁልጊዜ አይመጣም ነበር፤ ከአሥር በታች የሆንበት ቅዳሜ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች አልሠሩም። ታላቅ ወንድሜ ወሬ ይችልበታል፤ ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው። እሱ ይጀምራል፣ ሌላው "አዎ፣ ልክ ነው፣ እንደሱ ነበር" ይላል፣ እሱ ይቀጥላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን አራት ታሪክ ሰማን፤ አራቱንም ሁላችንም እናውቃቸዋለን፣ አራቱም የእሱ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በእሱ ነበር የፈረድኩት። በኋላ ሳነብ ግን ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ዌልደን እና ቤሊንገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት አብረው ቁጭ ብለው የሚያስታውሱ ሰዎች፣ ለየብቻ አስታውሰው ውጤታቸው ከተደመረላቸው ያንኑ ያህል ሰዎች ያነሰ ነገር እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ እኔን በጣም አሳመነኝ፦ እያንዳንዱ ሰው ወደ ትዝታው የሚደርስበት የራሱ መንገድ አለው፣ ሌላው ጮክ ብሎ ሲያወራ ያ መንገድ ይቆረጥበታል። አክስቴን አየኋት። ልትናገር አፏን ከፍታ፣ ወንድሜ ሲቀድማት፣ "ረሳሁት" ብላ ዝም ያለችበትን ቅዳሜ አስታውሳለሁ።

ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ቀየርነው። ለሁሉም ወረቀት ይሰጣል፣ 20 ደቂቃ ማንም አይናገርም፣ ሁሉም የራሱን ይጽፋል፣ ከዚያ በየተራ ይነበባል። አክስቴ መጻፍ ስለማትችል መኝታ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ ለስልክ ታወራለች። ጥያቄውንም ቀየርነው። "አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብለህ ብትጠይቅ የምታገኘው "ደግ፣ ሠራተኛ፣ ቁም ነገረኛ" ነው፣ ይሄ ለማንም ሰው የሚባል ነው። ጥያቄው ትንሽ መሆን አለበት። የዚያን ቀን የጠየቅነው "ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ነበር?" የሚል ነው።

14 ወረቀት ተሰበሰበ። ቁልፉን ምስማሩ ላይ ይሰቅላል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ሬዲዮ ይከፍታል። አራት ሰው ግን አንድ ዓይነት ነገር ጽፏል፦ ቶሎ አይገባም ነበር። የበሩ ድምፅ ይሰማል፣ እሱ ግን አይታይም፣ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚገባው። ለምን እንደሆነ ከልጆቹ አንዳችንም አናውቅም። ያወቁት ጎረቤታችን ናቸው፣ መስኮታቸው ወደ እኛ በር ነው የሚያየው። የጻፉት ሁለት መስመር ነው። አባታችን በሩን ከዘጋ በኋላ እዚያው ቆሞ፣ በሁለት መዳፉ ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ አድርጎ ያብሰዋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ይገባል። "የቀን ድካሙን እዚያ ጥሎት የሚገባ ይመስለኝ ነበር" ብለው አነበቡልን። እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ ለራሷ እንደገና አነበበችው። አርባ ምናምን ዓመት አብራው ኖራ ይሄንን አላየችም፤ እሷ ሁልጊዜ ውስጥ ነበረቻ።

የወንድሜና የእህቴ ጠብ

አራተኛው ቅዳሜ ከባድ ነበር። ጥያቄው "ሲቆጣ" የሚል ነው። ትንሿ እህቴ አባዬ ተቆጥቶ እንደማያውቅ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሲያደርግ እንዳልሰማች ጻፈች። ታላቅ ወንድሜ ስለ ቀበቶው ጻፈ። በየትኛው ሚስማር ላይ ይሰቀል እንደነበር፣ ሲወርድ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው፣ እሱ አልጋ ሥር ገብቶ ስንት ጊዜ እንደቆጠረ። አንብቦ ሲጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከአጎቴ ልጆች አንዱ "ሟች አይወቀስም፣ ምን ያደርግልሃል አሁን ይሄ?" አለው። እህቴ እያለቀሰች "ውሸት ነው" አለች። ወንድሜ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ይሄ ብዙ ሰው ቤት የሚሆን ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚያበቃው እዚያው ላይ ነው። አንደኛው ዝም ይላል፣ ሌላኛው ያሸንፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚነገረው የአሸናፊው አባት ብቻ ይሆናል።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ሂሳብ ነው። ወንድሜ ሲወለድ አባዬ 24 ዓመቱ ነበር። ትንሿ እህቴ ስትወለድ 43። በመሀል 19 ዓመት አለ። የወንድሜ አባት ደመወዙ የማይበቃው፣ ራሱም ገና ያልበሰለ፣ የሚፈራ ወጣት ነው። የእህቴ አባት ደግሞ አራት ልጅ ያሳደገ፣ በእነሱ ላይ የተሳሳተውን የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚያወሩት ስለተለያየ ሰው ነው፣ ስሙ አንድ ሆነ እንጂ። ይሄን ለሁለቱም በስልክ ነገርኳቸው። እህቴ ቶሎ ገባት። ወንድሜ "እና የእኔ ይጻፋ?" አለኝ። "ይጻፋል" አልኩት፣ "ማንም አያርመውም።"

የአሜሪካው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮቢን ፊቩሽ እና ማርሻል ዱክ ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ምን ያህል እንደሚያውቁ በ20 ጥያቄ ለክተው ነበር፤ ወላጆችህ እንዴት እንደተገናኙ ታውቃለህ፣ አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ፣ የሚሉ ዓይነት ናቸው። ብዙ የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ፣ ሕይወታቸውን መምራት እንደሚችሉም ይበልጥ የሚያምኑ ሆነው ተገኙ። ዱክ ግን መልሱን ማስጠናት ዋጋ የለውም ይላል፤ ዋናው ወሬው የሚተላለፍበት ኑሮ ነው። ደግሞም ለልጅ የሚበጀው "ሁሌ ደህና ነበርን" የሚለው ታሪክ እንዳልሆነ፣ "ወደቅን፣ ተነሳን፣ እንደገና ወደቅን፣ አብረን ግን ቆየን" የሚለው እንደሆነ ይናገራል። የወንድሜን ወረቀት ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን አየሁት። የእሱ ልጆች አባታቸው ለምን አንድም ቀን እጁን እንዳላነሳባቸው የሚያውቁት ከዚያ ወረቀት ነው።

ያየሁት እና የሰማሁት

ሌላ ችግር ደግሞ መጣ። እህቴ ጎርፍ ቤታችን የገባበትን ሌሊት ጻፈች፤ አባዬ ትከሻው ላይ አስቀምጧት ውሃውን ሲሻገር፣ የእሱ ፀጉር እርጥብ እንደነበር፣ እሷ በሁለት እጇ ግንባሩን ይዛ እንደነበር። በጣም ያምራል። ያ ጎርፍ ግን እሷ ከመወለዷ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ትከሻው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው የማምነው፣ ስድስት ዓመቴ ነበር።

አልዋሸችም። ታሪኩን ደጋግመን ስናወራው ሰምታ፣ ሰምታ፣ የራሷ አደረገችው። ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጃክሊን ፒክሬል እ.ኤ.አ. በ1995 ይሄንኑ በሚመስል ነገር ላይ ጥናት አውጥተዋል። 24 ሰዎች የልጅነት ታሪካቸው ተጽፎ ቀረበላቸው፤ ሦስቱ ከዘመዶቻቸው የተሰበሰቡ እውነተኛ ታሪኮች ናቸው፣ አራተኛው፣ ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው ነበር የሚለው፣ የተፈጠረ ነው። ሩብ ያህሉ ያልሆነውን ነገር ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል "አስታወሱ"። ከዘመድ አፍ የመጣ ነገር እንዲህ ነው፣ ስለምናምነው ወደ ውስጥ ይገባል።

የእህቴን ወረቀት አልጣልነውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ወረቀት ራስጌው ላይ ምልክት ይደረግበታል፦ "አየሁ" ወይም "ሰማሁ"። የሰማ ሰው ከማን እንደሰማ ይጽፋል። እንደ ቀላል ነገር ነው የጀመርነው፣ ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመን ግን እሱ ሆነ። ሰው እጁ ላይ እስክሪብቶ ይዞ "አየሁ ወይስ ሰማሁ?" ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ፊቱ ይለወጣል። ወንድሜ እንኳ ከቤቱ በላከው ወረቀት ላይ አንድ የሚወደውን ታሪክ "አየሁ" ብሎ ጀምሮ፣ ሰርዞ "ሰማሁ፣ ከእማዬ" ብሎ እንደጻፈ አይቻለሁ።

የእኔ ጥፋት

አምስተኛው ወር ላይ በአባዬ ሳጥን ውስጥ፣ ከድሮ ደረሰኞች ሥር፣ ደብዳቤ አገኘሁ። ለእማዬ የጻፈው ነው፣ ገና ሳይጋቡ። አንብቤ አለቀስኩ። በጣም ስለወደድኩት ለሁሉም ሰው ላካፍለው ብዬ ቅዳሜ ይዤው ሄድኩና ተነሥቼ አነበብኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ልጅ ነኝ፣ አባቴ ነው፣ ሳጥኑን የሰጠችኝ ራሷ እማዬ ናት፣ ምን ይጠየቃል?

አንብቤ ሳልጨርስ እማዬ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ሰዎቹ እስኪሄዱ አልወጣችም። ለሦስት ሳምንት ስደውልላት "ደህና ነኝ" ብላ ትዘጋለች። በመጨረሻ ቤቷ ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ ቀና ብላ አላየችኝም።

"ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ ነው" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። እኔ የማስበው ሟቹን ነበር፤ የአባዬ ትዝታ፣ የአባዬ ታሪክ። ግን የአባዬ ታሪክ ግማሹ በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ትንሽ ማኅበረሰብ ላይ ይሄ ይብሳል። የማያውቁህ ሺህ ሰዎች ቢሰሙት ነገ አታገኛቸውም፤ እነዚህ 19 ሰዎች ግን በሰርግም በሐዘንም የምታያቸው ናቸው፣ ሲያዩህ ያንን ደብዳቤ ነው የሚያስታውሱት።

ንባቡን አንዱ በስልኩ ቀርጾት ነበር። አጠፋልን። ግን ቀድሞ ለሌላ ዘመድ ልኮት ስለነበር ያንን ሁለተኛውን ለማስጠፋት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሦስተኛ ቅጂ እንደሌለ ማረጋገጥ አልችልም። ደብዳቤውን ለእማዬ መለስኩላት። የት እንዳስቀመጠችው አልጠየቅኋትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ደንብም አወጣን፦ ታሪኩ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ካለ አስቀድሞ ይጠየቃል፣ ለብቻው፣ ሰው በሌለበት። ሰው ፊት "አይከፋሽም አይደል?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው "አይ፣ ምን ከፋኝ" ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

የእማዬ ድምፅ

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር አላሰብኩትም ነበር። ከወር በላይ ቆይታ፣ እማዬ ራሷ ደወለችና "ያንን መቅረጫሽን ይዘሽ ነይ፣ ብቻሽን" አለችኝ።

እንዴት እንደምጠይቃት ትንሽ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ የተጀመረው ስቶሪኮርፕስ የሚሠራበት መንገድ ደስ አለኝ፦ የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ 40 ደቂቃ። አርባ ደቂቃ ጥሩ ነው። ሰው ሳይደክም ከወግ ወደ እውነተኛው ነገር የሚደርስበት ጊዜ ነው። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አደረግኩት፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አነጠፍኩ፣ ጠረጴዛው ሲነካ ድምፁ እንዳይገባ። በመጀመሪያው ቀን ግን ጥያቄዬ መጥፎ ነበር። "ያኔ በጣም ከብዶሽ ነበር አይደል?" እላለሁ፣ እሷ "አዎ" ትላለች፣ ያልቃል። መልሱን ጥያቄው ውስጥ ጨምሬላታለሁ። በሁለተኛው ቀን "ከዚያስ?" ብቻ እያልኩ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ይከብዳል። እሷም ዝም ትላለች፣ ሰዓቱ ይሰማል፣ ልትሞላው ያምርሃል። ያላሰብከው ነገር የሚመጣው ግን ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

ዕድሜው የገፋ ሰው ብዙ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነውን ነው ይላሉ የማስታወስ ተመራማሪዎች። እማዬም እንደዚያው ናት። ስለ 50ኛ ዓመቷ ብትጠይቃት ሁለት ቃል ነው፤ ስለ 17 ዓመቷ የሸሚዟን ቁልፍ ቀለም ትነግርሃለች። ወጣቶቹ ዘመዶቼ "እማማ ያለፈውን እየደጋገሙ ነው፣ አረጁ" ሲሉ ይከፋኛል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፈው ያረጀ ሰው ወደ ኋላ መመለሱ የመጃጀት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሕይወቱን አንድ በአንድ እያየ ሒሳቡን እየተሳሰበ ነው። እማዬ ስትደጋግም ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ይለያል። እኔ አሁን የምሰማው ልዩነቱን ነው።

ስድስት ቀረጻ አለን። እያንዳንዱ በሦስት ቦታ ተቀምጧል፣ አንዱ ከቤት ውጪ። የትኛው ለማን እንደሚሰማ የወሰነችው እሷ ናት። ሁለቱን "እኔ ስሞት" ብላለች፤ አልከፈትናቸውም።

ሰዓቱ

ዘጠነኛው ወር ላይ ከአባዬ የሥራ ባልደረቦች አንዱ፣ ሦስት ቅዳሜ መጥተው አንድም ቃል ያልተናገሩ ሽማግሌ፣ ወረቀታቸውን አነበቡ። "አየሁ" ይላል ራስጌው። አባታችን ዕቃ ሲያወርድ የመኪናው የኋላ በር ግራ አንጓው ላይ እንደተዘጋበት፣ አጥንቱ እንደተሰበረ፣ በስድስት ሳምንት እንደተፈታለት ጻፉ። ከዚያ በኋላ ግራ እጁ ማሰሪያውን መሸከም ስላቃተው ሰዓቱን ወደ ቀኙ አዞረው። ቤት ግን "ወለምታ ነው" በሉ ብሎ አስምሏቸዋል፣ ምክንያቱም እማዬ ትንሿን እህታችንን ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እንዳትደነግጥ።

ወንድሜ በዚያ ዓመት ነው ለትምህርት ከቤት የወጣው። 19 ዓመቱ ነበር።

ሽማግሌው ወረቀቱን አስቀምጠው ወደ እማዬ ዞሩና "ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ደበቅኩዎት" አሉ።

እማዬ ትንሽ ፈገግ አለች። "አውቅ ነበር እኮ" አለች። "ያን ስድስት ሳምንት ሸሚዙን ማን ይቆልፍለት ነበር?" ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ ደረቷ አምጥታ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በሌለ ሸሚዝ ላይ አምስት ቁልፍ ቆለፈች።

ወንድሜ ከዚያ የቀበቶ ቅዳሜ በኋላ መምጣት አቁሞ ነበር፣ ወረቀት ግን በየወሩ ይልካል። የዚያን ዕለት ማታ ደውዬ ነገርኩት። ብዙ ቆይቶ "እሺ" አለ። በሚቀጥለው ወር በላከው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

አየሁ፦ በግራ።
ሰማሁ፣ ከእህቴ፦ በቀኝ።